የእናቴ ታሪክ የማንም እናት ታሪክ መሰለኝ

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ካረፈች ሰባት ወር ሆነ። ተወልዳ ያደገችው፣ ያገባችው፣ እኛን አራት ልጆቿን የወለደችው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ እሷና አባባ እኔ ጋ አራት ኪሎ ገቡ። ጎረቤቶቿ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። እስክትታመም ድረስ ግን በየወሩ በ23 አራዳ ጊዮርጊስን መሳለሟን አልተወችም። ውዳሴ ማርያሟንም በየቀኑ ታደርስ ነበር፤ በመሠረተ ትምህርት በቆጠረችው ፊደል።

በቀብሯ ዕለት ታላቅ ወንድሜ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ተነበበ። ግማሽ ገጽ ነው። በ1943 ዓ.ም. ተወለደች፣ በ1960 ትዳር መሠረተች፣ ሃይማኖቷን አጥባቂ፣ ደግና ሩኅሩኅ፣ የ4 ልጆች እናት፣ የ9 ልጆች አያት ነበረች ይላል። ሁሉም አለቀሰ። እኔ ግን ስሙን ቢቀይሩት የማንም እናት ታሪክ ይሆናል ብዬ ከፋኝ።

አሁን ሙት ዓመቷ እየቀረበ ነው። ታላቅ ወንድሜ አዳራሽ ተከራይተን ትልቅ ድግስ እንደግስ ይላል። ትንሹ ወንድማችን ፕሮቴስታንት ነው፤ ‹እማዬን ማሰብ እፈልጋለሁ፣ ተዝካር ግን አልመጣም› ይላል። እኔ ደግሞ ለልጆቻችን የሚቀር ትንሽ መጽሐፍ ማዘጋጀት ፈለግኩ። ልጆቹ የሚያውቋት መቁጠሪያ ይዛ ስትጸልይ ብቻ ነው።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ልጆች ሳለን አባባ ሌላ ሴት ይዘው አራት ዓመት ከቤት ወጥተው ነበር። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች እየሸጠች አሳደገችን። ሲመለሱ ተቀበለቻቸው። ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አላወራችም። ወንድሜ ‹ይህ አይጻፍም› ብሏል። አባባ በሕይወት አሉ፤ ስለ እማዬ ሲነሣ ዝም ይላሉ። ምን ልጻፍ? ምን ልተው?»

ልጇ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ እግዚአብሔር ይማር። ለአባትሽም ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ወንድምሽን በዚያ ግማሽ ገጽ አትቀየሚው። እኛ ዘንድ ሰው ባረፈ በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ዕለት ይቀበራል። የሕይወት ታሪኩ የሚጻፈው ድንኳን እየተተከለ፣ የእድሩ ወንበር እየተራገፈ፣ ስልክ እየጮኸ ነው። በዚያ ሰዓት እጅ የለመደውን ቃል ይጽፋል። «ደግ»፣ «ሩኅሩኅ»፣ «ለተቸገረ ደራሽ»። እናቱን የሚቀብር ልጅ ከዚያ በላይ እንዲጽፍ መጠበቅ ይከብዳል። አሁን ግን አምስት ወር አላችሁ።

የከፋሽም ያለ ምክንያት አይደለም። «ሃይማኖቷን አጥባቂ» የሚለው ለስንት እናት ይነበባል። አንቺ ግን ሳታስቢው በደብዳቤሽ ሌላ ነገር ጽፈሻል። ሰፈራቸው ፈርሶ፣ ጎረቤታቸው ተበትኖ፣ በየወሩ በ23 ከአራት ኪሎ ወጥተው፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረው አራዳ ጊዮርጊስን የሚሳለሙ እናት። ይህን ሳነብ እሳቸው ታዩኝ። «አጥባቂ» የሚለው ቃል ባይጻፍም ገብቶኛል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችውን ጣቢታን ታስታውሻለሽ? ዶርቃም ትባላለች። የኢዮጴ ሴት ናት። ስታርፍ ጴጥሮስን አስጠሩት። እሱ ሲደርስ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት። ምን አደረጉ? እሷ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አውጥተው አሳዩት። እኔ የምመክርሽ ይህንኑ ነው። እናትሽ የሠሩትን አውጥተሽ አሳዪ። ደግነታቸውን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

የምሳሌ 31 ክፍልም እንደዚሁ ነው። ብዙዎቻችን «ልባም ሴትን ማን ሊያገኛት ይችላል?» የሚለውን ሰምተን እዚያው እንቆማለን። ከዚያ በታች ያለው ግን በአብዛኛው ሥራ ነው። ገና ሌሊት ሳለ ትነሣለች፣ ለቤተ ሰቧ ምግብ ትሰጣለች፣ እርሻ ትገዛለች፣ ትፈትላለች፣ ለድሃ እጇን ትዘረጋለች። መጽሐፉ የሚያመሰግናት ሥራዋን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው።

እስቲ በዚህ ዓይን የእናትሽን እንጀራ እንየው። «እንጀራ እየጋገረች አሳደገችን» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ ግን ብዙ መጠየቅ አምሮኛል። በስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? በማገዶ ነበር ወይስ የእንጦጦ ቅጠል እየገዙ? ጭሱ ዓይናቸውን አልጎዳውም? ጤፉን ከእህል በረንዳ ያመጡ ነበር ወይስ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ወረፋ ይይዙ ነበር? እንጀራውን ወደ ምግብ ቤቱ የሚያደርሰው ማን ነበር? ከእናንተ ከአራታችሁ አንዱ መሆን አለበት። ያ ልጅ መንገዱን ያስታውሳል። መሶቡ ምን ያህል ይከብድ እንደነበርም ያስታውሳል። ይህን ብቻ ብትሰበስቢ ሦስት ገጽ ይሞላል፤ ሦስቱም ገጽ የእናትሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ነው። ያኔ እናትሽ 28 ዓመታቸው ነበር። አባትሽ ከቤት የወጡት በየትኛው ዓመት እንደሆነ አልነገርሽኝም። በ1960 ካገቡና እናንተ ልጆች ከነበራችሁ ግን ጊዜው የሚገጥም ይመስለኛል። አጣሪው። ከገጠመ፣ እናትሽ ፊደል የቆጠሩት ሌሊት እየጋገሩ፣ ቀን እየሸጡ፣ አራት ልጅ ብቻቸውን እያሳደጉ ነው ማለት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያነበቡት ውዳሴ ማርያም የተገኘው ከዚያ ጊዜ ነው። ይህን ለልጅ ልጆቹ ሳትነግሯቸው አትቅሩ። የምስክር ወረቀት ካገኙ ከቆዩ ሰነዶች መካከል ይኖር ይሆናል፤ ፈልጊው። አብረዋቸው የተማሩ ጎረቤቶችም አይጠፉም።

መጽሐፋቸውንም በጥንቃቄ ገልብጪው። እናቶች በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ነገር ያስቀምጣሉ። የሚጸልዩላቸውን ሰዎች ስም፣ የታመመ ዘመድ የክርስትና ስም፣ የደረቀ አበባ፣ የልጅ ፎቶ። ያገኘሽውን ሁሉ ካለበት ገጽ ጋር ፎቶ አንሺው። የእናትሽን የክርስትና ስም ደግሞ በመጽሐፍሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊ። በቅዳሴና በፍትሐት የሚጠሩት በዚያ ስም ነው። ከዘጠኙ የልጅ ልጆች ስንቱ ያውቀዋል? ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። የማስቸኩልሽም እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ማነቂያ ቆሞ ቢሆን አንድ ቅዳሜ በር ለበር እየዞርሽ ትጨርሽው ነበር። አሁን አንዷ ከከተማው አንድ ዳር፣ ሌላዋ ከሌላው ዳር ናት። ሁሉም በዕድሜ ገፍተዋል። ከምንም በፊት የእናትሽን ስልክ ፈልጊ። ለልጅ መጫወቻ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሲም ካርዱም ከመዘጋቱ በፊት፣ በውስጡ ያለውን ስምና ቁጥር በሙሉ በወረቀት ገልብጪ። «የማኅበር» ወይም «የእድር» ብለው የመዘገቧቸው ሰዎች ላንቺ እንደ ወርቅ ናቸው።

የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው እናንተ ልጆቻቸው የማታውቁትን ያውቃሉ። ሴቶች በማኅበር ቀን፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ወንዶችና ልጆች ዞር ሲሉ ነው የሚጫወቱት። እናትሽ ምን እንደሚያስቃቸው፣ በማን እንደሚናደዱ፣ ለማን በድብቅ ገንዘብ እንደሚሰጡ እነሱን ጠይቂ። የእድሩ ጸሐፊም መዝገብ አለው። መቼ እንደገቡ፣ ሥራ ላይ ተመርጠው ከሆነም እዚያ ይገኛል። የነፍስ አባታቸውንም አነጋግሪ። የኑዛዜን ነገር አይነግሩሽም፣ አንቺም እንዳትጠይቂ። በፍልሰታ ሲያስቀድሱ የት ቦታ ይቆሙ እንደነበር ግን ሊነግሩሽ ይችላሉ።

ስትሄጂ ቡናና ስኳር ያዢ። አስፈቅደሽ በስልክሽ ድምፃቸውን ቅጂ። «እማዬ እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» ብለሽ አትጀምሪ። መልሱ «ውይ! እሷማ ደግ ነበረች» ነው፤ ከዚያ እንባ ይመጣል፣ ወሬው ያልቃል። ፎቶ ይዘሽ ሂጂና «እዚህ ላይ ያለችው ማን ናት?» በያቸው። «መጀመሪያ የተዋወቃችሁት የት ነው? ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? በምን?» በያቸው። ቤት በአዋጅ ሲወረስ በ1967 ዶሮ ማነቂያ እንዴት እንደነበረ ጠይቂ። ስለ 1969 እና 1970፣ ስለ ቀይ ሽብሩ ዘመን ግን እየተጠነቀቅሽ ሂጂ። ከዚያ ሰፈር ልጇን ያጣች እናት አለች፤ እሷ ካልጀመረችው አትጀምሪው። ከጀመረች ደግሞ አታቋርጫት።

ስለ እናትሽ ቁጣና ግትርነት የሚነግርሽ ሰው ካገኘሽም ጻፊው። ክርስቲያን እናት መቆጣቷ ክብሯን አይቀንሰውም። እንዲያውም ልጆቹ «እሷ ናት!» የሚሉት እዚያ ጋ ሲደርሱ ነው።

ፎቶዎቹን በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሷቸው። በጀርባቸው ስም የምትጽፊው በለስላሳ እርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ ቀለሙም ይተላለፋል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ልከው እንደሆነም ጠይቂ። ያኔ ብዙ ቤተሰብ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ከተገኘ ሳይበላሽ አስገልብጪው።

አሁን የጨነቀሽን ነገር ልንካው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ነው።

«በፍቅርና በሰላም ኖሩ» ብለሽ አትጻፊ። ይህ ዓረፍተ ነገር በየሕይወት ታሪኩ ይገባል፣ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። በእናንተ ቤት ግን የእናትሽን አራት ዓመት ይሰርቃል። በሕይወታቸው ከባዱን ሥራ የሠሩት በዚያ ጊዜ ነው። እሱ ከተፋቀ እንጀራውም፣ ሌሊቱም፣ የእናንተ ትምህርትም አብሮ ይፋቃል። ወንድምሽ የአባቱን ክብር መጠበቁ ተገቢ ነው። አባትን ማክበር ትእዛዝ ነው። እናትንም ማክበር ግን በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ ብሆን እናትሽ ያደረጉትን እጽፋለሁ፣ አባትሽ ያደረጉትን አልዘረዝርም። «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ቤቱን ብቻቸውን አስተዳደሩ። እንጀራ እየጋገሩ አራት ልጆች አስተማሩ። ከዚያም አባታችን ወደ ቤት ተመለሱ፣ እናታችንም ተቀበሏቸው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የሌላዋ ሴት ስም አይነሣም። ምክንያት አይተነተንም። የልጅ ልጆቹ አድገው «ለምን ብቻቸውን?» ብለው ሲጠይቁ ያኔ በአፍ ትነግሯቸዋላችሁ። በሙት ዓመቱ ቀን በሰው ፊት ይህ ክፍል ባይነበብም ምንም አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ይበቃል።

«ይቅር አሏቸው» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ግን ቆም በዪ። መቀበላቸውን አይታችኋል። ይቅርታውን የሚያውቁት እሳቸውና እግዚአብሔር ናቸው። ዝም ያሉት እናንተ አባታችሁን እንዳትጠሉ ብለው ሊሆን ይችላል። ስላመማቸው፣ ማንሣት ስለከበዳቸውም ሊሆን ይችላል። ያላወሩትን እኛ አንናገርላቸው። ከእህቶቻቸው ወይም ከማኅበርተኞቻቸው ለአንዷ የነገሩት ነገር ካለ ግን ያን በእነሱ ቃል ጻፊው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እልሻለሁ። ከዘጠኙ የልጅ ልጆች መካከል ሴቶች ይኖራሉ። ይህን ታሪክ አንብበው «ጥሩ ክርስቲያን ሚስት ማለት ሁሉን ችላ ዝም የምትል ናት» ብለው እንዲረዱት አልፈልግም። እናትሽ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሠርተዋል፣ ተምረዋል፣ ቤታቸውን አቁመዋል፣ በሩን የከፈቱትም ራሳቸው ወስነው ነው። አጻጻፍሽ ይህን ያሳይ።

አባትሽን በተመለከተ፣ ሳያውቁት አታሳትሚው። ዝምታቸውን እንደ ቸልተኝነት አታዪውም ብዬ አምናለሁ። ሚስት የቀበረ ሽማግሌ፣ ያውም የሚጸጽተው ነገር ያለበት፣ ልጆቹ በተሰበሰቡበት ሊናገር አይችልም። ወንድሞችሽ በሌሉበት፣ አንቺና እሳቸው ብቻችሁን ስትሆኑ ይሁን። ከሠርጋቸው ፎቶ ጀምሪ። «አባባ፣ ሚዜዎቹ እነማን ነበሩ? ድግሱ የት ነበር?» በያቸው። የእሳቸው ዘመን ሰው ስለ ሚዜው ሲያወራ ቆይቶ ነው ስለ ሚስቱ የሚናገረው። በአንድ ቀን አይሆንም። ሲደክማቸው ተዪያቸው።

ነገሩ ሲለሰልስ መጽሐፍ እየጻፍሽ መሆኑን ንገሪያቸው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አንብቢላቸው። ምን እንደሚሉ አላውቅም። «እኔ በሕይወት እያለሁ ተዉት» ካሉ፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አቆዪላቸው። ብቻቸውን ቤት ማስተዳደራቸውንና መጋገራቸውን የሚናገሩትን ሁለቱን ግን ከመጽሐፉ አታውጪ። እነሱ የእናትሽ ናቸው።

የልጅ ልጆቹን በተናጠል አነጋግሯቸው። አንድ ላይ ከሆኑ ትልቁ ያለውን ሌሎቹ ይደግሙታል። ለየብቻ ሲጠየቁ ግን ዘጠኝ ዓይነት አያት ታገኛላችሁ። አንዱ በጆሮው ምን ብለው እንደመረቁት ይነግርሻል፣ አንዷ ደግሞ ከቀሚሳቸው ኪስ ምን ያወጡላት እንደነበር። ወጥ ቤት አብራቸው የምትውለው ልጅ ደግሞ የበርበሬአቸውን ልክ ትጻፍ። እናቶች በእጅ ነው የሚለኩት፤ አብሯቸው በርበሬ ያዘጋጅ የነበረ ሰው ሳለ ካልተጻፈ ያ ጣዕም ከናንተ ቤት ይጠፋል።

ስለ ድግሱ ብዙ አልልም። ብድር የሚያስገባ ድግስ አታድርጉ። ጸሎቱ የሚደርሰው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለዚያ አዳራሽ አያስፈልግም። የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ነዳያንን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማብላት ይቻላል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን ያበላል። ታላቅ ወንድምሽ እናቱን በትልቁ ማክበር እንደፈለገ ይገባኛል። ስለዚህ በመጽሐፉም ድርሻ ስጪው። የእናትሽን ወላጆች፣ የትውልድ ሐረጉን፣ ቤተሰቡ ከየት ተነሥቶ ፒያሳ እንደገባ እሱ ይጻፍ። የበኩር ልጅ ከሁላችሁ የተሻለ ሰምቷል።

ትንሹን ወንድምሽን ወደ ተዝካሩ አትጎትቱት። ለሙታን ስለሚደረገው ጸሎት የሚያምነው ከእናንተ ይለያል፣ በሙት ዓመት ክርክርም አይፈታም። ጠዋት የምትሄዱት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ከሰዓት በኋላ አንቺ ቤት ቡና ይፈላና ሁላችሁም ተሰብሰቡ። እሱም ይምጣ፣ ሚስትና ልጆች ካሉትም ይዟቸው ይምጣ። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 5ን እሱ ያንብብ። ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስማቸው ይጠራቸዋል። በዚህ ላይ የምትጣሉበት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እናቱ ሃይማኖቱን ሲቀይር ምን እንዳሉት፣ እንዴት እንደያዙት ይናገር። ይህን ከእሱ በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም። ከባድ ቃል ተናግረውት ቢሆንም እንዳለ ይግባ።

መጽሐፉ ሠላሳ ገጽ ቢሆን ይበቃል። አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ያለበት ሰፈር፣ ማተሚያና ኮፒ ቤት አይቸግርሽም። ለእያንዳንዱ ልጅና የልጅ ልጅ አንዳንድ፣ ለማኅበሩም ጥቂት አሳትሚ። ድምፅ የቀዳሽባቸውን ፋይሎች ለሦስቱም ወንድምና እኅቶችሽ ላኪ። አንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀሩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማን ጋ እንደምትሄጂ ግን ዛሬ ወስኚ። በዕድሜ ከሁሉም የገፉትን አስቀድሚ። ከታመሙ ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ነገውኑ ደውዪላቸው።